ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የካሜራው?

አጎቴ ቮልሳቸውን ሊሸጡ አስበው ነበር። «ያቺን ካሜራህን ይዘህ ናና እስቲ አንሳልኝ» አሉኝ። ሄድኩ። መኪናዋ ጥቁር ሰማያዊ ናት። ጠዋት አጥበው፣ ወልውለው፣ ዓይን እስክትወጋ አብርተዋት ጠበቁኝ። 32 ፎቶ አነሳሁ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍታቸው በ32ቱም ውስጥ እኔ አለሁ።

በሩ ላይ አለሁ፤ እግሬን ከፍቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ባለ መስመር ሸሚዝ ለብሼ። ፓራፋንጎው ላይም አለሁ፤ እዚያ ደግሞ በርሜል አክያለሁ። የኒኬሉ ፓራውልት ላይ ከነካሜራዬ ከዳር እስከ ዳር ተለጥጫለሁ። ኮፈኑ ላይ ግማሽ ዛፍና አንድ የመብራት ምሰሶ ተኝተዋል። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩና «መኪናዬን አንሳልኝ አልኩህ እንጂ ራስህን አንሳ መቼ ወጣኝ?» አሉ።

የዚያን ማታ ፍርዴን ሰጠሁ። ካሜራዬ አይረባም። 2011 ላይ የወጣ፣ 18 ሜጋፒክስል ያለው፣ አብሮት ከመጣው የ18-55 ሌንስ ጋር የተጣበቀ አሮጌ ካሜራ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የካሜራ ግምገማ ሳይ አመሸሁ። ፉል ፍሬም፣ ማለትም ምስሉን የሚይዘው ሴንሰር ትልቅ የሆነበት ካሜራ፣ ሳይገዙ መኪና ማንሳት የማይቻል መሰለኝ። ደግነቱ ሠርግ የሚያነሳ ጓደኛ አለኝ። ፉል ፍሬሙን ከነሌንሱ ለሁለት ቀን አዋሰኝ። አጎቴ ጋ ተመለስኩ። ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ሸሚዝ። ልዩነት አልነበረውም አልልም። አሁን የሸሚዜ መስመሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሂሳብ ሠራተኛ ሲናደድ ሰንጠረዥ ይሠራል። አንድ ደብተር ገዛሁና ገጹን ለሁለት ከፈልኩት። በአንዱ በኩል «የኔ»፣ በሌላው በኩል «የዕቃው» ብዬ ጻፍኩ። በአንድ ቀን በአንድ ምክንያት የተበላሹ ፎቶዎች በሙሉ ከነምክንያታቸው በአንድ መስመር እዚያ ይገባሉ። ሕግም አወጣሁ። በዕቃው በኩል አንድ ዓይነት ምክንያት ሦስት ጊዜ ካልተጻፈ ምንም ነገር አልገዛም።

የመጀመሪያዎቹ 32 ፎቶዎች በሙሉ «የኔ» ሥር ገቡ። ምክንያት፦ መስታወት መሆኗን አላወቅኩም።

ነገሩ ይኸው ነው። የሚያብረቀርቅ መኪና ስታነሱ ቀለሙን የምታነሱ ይመስላችኋል። የምታነሱት ግን አብዛኛውን በመኪናው ላይ ያረፈውን ሌላ ነገር ነው። ሰማይ፣ ግንብ፣ ዛፍ፣ እናንተ። ጠፍጣፋ መስታወት ቢሆን ቀላል ነበር። ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ ይመለሳል፤ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ማለት ይበቃል። የመኪና ገላ ግን የተጎበጠ ነው። እያንዳንዱ ጉብታ ወደተለያየ አቅጣጫ ያያል። ቮልስ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ጉብታ ናት። ለመለማመጃ ከሷ የከፋ፣ ወይም የተሻለ፣ አይገኝም።

ይሄ ሲገባኝ ቦታ የምመርጥበት መንገድ ተገለበጠ። ድሮ የምፈልገው ከመኪናው ኋላ ጥሩ ነገር ያለበትን ቦታ ነበር። አሁን መጀመሪያ የማየው ከኔ ኋላ ያለውን ነው። እኔ ጀርባዬን የሰጠሁት ነገር ሁሉ በሩ ላይ ይሳላል። ከኋላዬ የቆሙ መኪኖች ካሉ በሩ ላይ የቆሙ መኪኖች አሉ። ከኋላዬ ገላጣ ሜዳና ሰማይ ካለ ግን ከፊት መብራት እስከ ኋላ መብራት አንድ ንጹህ መስመር ይዘረጋል። ከላይ ብሩህ፣ ከታች ጨለም ያለ። መኪናውን የሠራው ሰው የሳለውን ቅርጽ ዓይን የሚያነበው በዚያ መስመር ነው። መስመሩ ከተቆራረጠ የመኪናው ቅርጽም አብሮ ይቆራረጣል።

ስለዚህ ካሜራ ከማውጣቴ በፊት መኪናውን እዞራለሁ። ቁጢጥ እላለሁ፣ እነሳለሁ፣ ሁለት እርምጃ እሸሻለሁ። ለሚያየኝ ሰው ዕቃ የጠፋበት ነው የምመስለው። መኪናውን አንድ ሜትር ወደፊት ማስነዳት ብቻ ምሰሶውን ከኮፈኑ ላይ የሚያጠፋበት ጊዜ አለ። ልብሴም ተቀይሯል። ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ሱሪ። ባለ መስመሩን ሸሚዝ ለቢሮ ትቼዋለሁ።

ብርሃኑም የሚፈረደው በዚሁ ነው። የቀትር ፀሐይ ትንሽ ነጥብ ናት፤ ቀለሙ ላይም የምታርፈው እንደ ትንሽ የሚያቃጥል ነጥብ ነው። በደመና የተሸፈነ ሰማይ ግን ሙሉው አንድ መብራት ነው። በስቱዲዮ የሚያነሱ ሰዎች ከመኪናው በላይ መኪናውን የሚያክል ነጭ ሸራ የሚሰቅሉት ለዚህ ነው። እኛ ያንን ሸራ በነጻ የምናገኘው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ከጠለቀች አሥር ደቂቃ ገደማ አልፎ ሰማዩ ገና ብርሃን እያለው። መሬቱ ይጨልማል፣ ጣሪያውና ኮፈኑ ግን ሰማዩን ይዘው ያበራሉ። የመኪናው መብራትና የሰማዩ ብርሃን የሚመጣጠኑትም ያኔ ነው። ብዙ ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። እኔ ያኔ ነው የምጀምረው።

የመጀመሪያው ግዢዬ ፖላራይዘር ፊልተር ነው። ሕጌን ያሟላ እሱ ነበር። ሦስት ጊዜ «የፊት መስታወቱ ሰማይ ብቻ ነው፣ መሪው አይታይም» ብዬ ጽፌያለሁ። ሌንሱ አፍ ላይ ትገጥሙትና እያዞራችሁ ታያላችሁ። ስታዞሩት ከመስታወቱ ላይ ሰማዩ ቀስ እያለ ሲነሳና ወንበሮቹ ብቅ ሲሉ አስማት ነው የሚመስለው። ከሶፍትዌር ይልቅ ፊልተር ልግዛ የሚል ሰው ትክክል ነው። ነጸብራቁ ሙሉ በሙሉ የሸፈነውን ነገር ኋላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ማምጣት አይቻልም።

ግን ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ብርሃን ይበላል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ድረስ። በእያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። ሁሉንም ነጸብራቅ በአንድ ጊዜ አያነሳም። የፊት መስታወቱን ሲያጠራ በሩን ይተዋል፤ በሩን ሲያጠራ ኮፈኑን። ትራይፖድ ካላችሁ ካሜራውን ሳታንቀሳቅሱ ፊልተሩን እያዞራችሁ ሦስት አራት ፎቶ አንሱና ኋላ አዋህዷቸው። የጎንና የኋላ መስታወት ላይ አንዳንዴ የቀስተ ደመና ነጠብጣብ ያወጣል። የፊልተሩ ጉድለት አይደለም፤ መስታወቱ ሲጠነክር በውስጡ የቀረውን ውጥረት ነው የሚያሳየው። ብረት ላይ ደግሞ አይሠራም። ይሄንን የተማርኩት በአጎቴ ፓራውልት ነው። ፊልተሩን እስኪደክመኝ አዞርኩት፤ ኒኬሉ ላይ እኔ ከነካሜራዬ ንቅንቅ አላልኩም። ደብተሩ ላይ «የዕቃው» ብዬ ጻፍኩ። በኋላ አንብቤ ሲገባኝ ሰርዤ ወደ «የኔ» አዛወርኩት።

የምትገዙ ከሆነ ካሏችሁ ሌንሶች በትልቁ አፍ ልክ ግዙ። የ77 ሚሜ ፊልተር በርካሽ ቀለበት አማካይነት ትንንሾቹም ላይ ይገጥማል። የተገላቢጦሹ አይሆንም። ደግሞ ነጸብራቁን እስከ መጨረሻው አታጥፉት። ሙሉ በሙሉ የጠፋበት መኪና የፕላስቲክ መጫወቻ ይመስላል። እኔ ግማሽ ላይ አቆማለሁ።

ወደ ሌንስ እንምጣ። በ18 ሚሜ (ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያያል፣ ሲበዛ ያቀርባል)፣ መኪናው አፍንጫ ሥር ቆሜ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ላይ ቮልሷ ጉንጯ አብጦ፣ የኋላዋ ጠፍቶ፣ የጥርስ ሕመም የያዛት ትመስላለች። ሌንሱን ወቀስኩ። ጥፋቱ ግን የርቀቱ ነው። ቅርጽን የሚያጣምመው ቅርበት ነው፤ ሰፊ ሌንስ ደግሞ እንድንቀርብ ያባብለናል። አሥር እርምጃ ሸሽቼ በ55 ሳነሳት መልኳ ተመለሰ። እኔም በሩ ላይ አነስኩ። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

ስለዚህ ሁለተኛው ግዢዬ ቀላሉ 50 ሚሜ፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ ሆነ። ኤፍ የሌንሱ ክፍተት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ከትኩረቱ ውጭ ያለውም ይበልጥ ይደበዝዛል። ሴንሰሩ አነስ ባለ ኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ላይ ከ75 እስከ 80 ሚሜ ያህል ሆኖ ያያል። ለመኪና ቁመና ከዚህ የሚመች የለም። ከዓመት በኋላ ያገለገለ 70-200 ጨመርኩ። የኤፍ 2.8ቱን ሳይሆን የኤፍ 4ቱን። ክብደቱ ግማሽ ያህል ነው። መኪና ረጅም ነገር ነው፤ አፍንጫው ጥርት ብሎ ጀርባው ሲደበዝዝ አይወደድልኝም። ብዙውን ጊዜ የማነሳው በኤፍ 5.6 እና በኤፍ 8 መካከል ነው። ለማልጠቀምበት ክፍተት ገንዘብም ወገብም አላወጣም። ሰፊውን ሌንስ አልጣልኩትም፤ ለመኪናው ውስጥ ይሆናል።

ደብተሩን ሳገላብጥ «የኔ» ሥር የሚደጋገሙ ትንንሽ ነገሮች አሉ። ቆሜ በዓይኔ ከፍታ ማንሳት አንዱ ነው። ጉልበታችሁን መሬት አስነኩና ካሜራውን በፊት መብራቱ ልክ አድርጉ፤ መኪናው ወዲያው ይኮራል። ሌላው የፊት ጎማ ነው። ከፊት በጎን ስታነሱ መሪው ካሜራው ካለበት በተቃራኒ ይዙር። ያኔ ቸርኬው ወደ እናንተ ያያል። ወደ እናንተ ካዞራችሁት የጎማውን ጥርስ ነው የምታዩት። ዳሽቦርድ ላይ የተረሳ ወረቀት። ከጣሪያው ላይ የበቀለ ምሰሶ። ስለነዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንዴ ካያችሁ በኋላ አለማየት አትችሉም።

እንቅስቃሴ ላይ ግን ብዙ የምለው አለኝ። ደብተሩ የሞላው እዚያ ነው።

አጎቴን ባዶ ግቢ ውስጥ እንዲያመላልሷት ለመንኳቸው። እኔ ጥግ ይዤ ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) የሰከንድ 1/1000 ላይ አደረግኩ። ፈጣን ነገር በፈጣን ሻተር ነው ብዬ። ፎቶው ጥርት አለ። መኪናዋ ግን መንገድ መሀል ተበላሽታ የቆመች ትመስላለች፤ አጎቴም ውስጧ ተቀምጠው መካኒክ የሚጠብቁ። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 16.7 ሜትር ነው። የትንሽ መኪና ጎማ ዙሪያው 2 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በሰከንድ ከ8 ጊዜ በላይ ይዞራል። በ1/1000 ውስጥ የሚዞረው 3 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ዓይን የቆመ ነው የሚለው። በ1/60 ግን 50 ዲግሪ ይዞራል። ቸርኬው ይቀልጣል፣ መኪናውም ይሄዳል።

ታዲያ በ1/60 መኪናው ራሱ እንዳይደበዝዝ ካሜራው አብሮት መሄድ አለበት። ፓኒንግ የሚሉት ይሄንን ነው። እግራችሁን መኪናው ሊደርስ ወዳለበት ቦታ አዙራችሁ ቁሙ። ከዚያ ከወገባችሁ ተጠምዝዛችሁ ወደሚመጣበት ተመለሱ። ከሩቅ ያዙትና እየተፈታችሁ ተከተሉት። ፊታችሁ ሲደርስ ተጫኑ፤ ከተጫናችሁ በኋላም አታቁሙ። ማቆም ነው የሁላችንም በሽታ። ድምፁ ሲሰማን ሥራው ያለቀ ይመስለናል። በ1/125 ጀምሩና እየለመዳችሁ ውረዱ። በመጀመሪያው ቀን ከመቶ ፎቶ ስድስት ደህና አገኘሁ። ቅር አይበላችሁ፣ አሁንም ከመቶ ሃያ ካገኘሁ ቀኑ የተባረከ ነው። ቦታውን ግን አስተውሉ። ተሽከርካሪ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆሞ በሌንስ ውስጥ ማየት ሞት ነው፤ የተዘጋ ቦታ ፈልጉ።

«የዕቃው» የሚለው ወገን እውነተኛ ሥራ ያገኘውም እዚህ ነው። ካሜራዬ የነበሩት የትኩረት ነጥቦች 9 ብቻ ናቸው። መኪናዋን ከመሀሉ ነጥብ ትንሽ ሳስወጣት ትኩረቱ ኋላ ያለው ግንብ ላይ ይሄዳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ጊዜ ጻፍኩ። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት ያገለገለ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው አዲሱ ዓይነት ካሜራ) ገዛሁ። ፉል ፍሬም አይደለም። የፈለግኩት መኪናን ለይቶ የሚከተል የትኩረት ሥርዓት ነው። ሜጋፒክስሉን አልጠየቅኩም። 24 ሜጋፒክስል 6000 በ4000 ነጥብ ነው፤ በኢንች 300 ነጥብ ቢታተም 20 በ13 ኢንች ይወጣዋል። ከዚያ የሚበልጥ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ አላውቅም።

አዲሱን ካሜራ ባገኘሁ ሳምንት ሌላ ጉድ መጣ። ድምፅ የሌለውን የኤሌክትሮኒክ ሻተር ከፍቼ አነሳሁ። ጎማዎቹ እንቁላል ሆኑ። ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ እንቁላል። ደንግጬ ሻጩ መልሶ ይወስድልኝ እንደሆነ ልጠይቅ ነበር። ነገሩ ግን ያረጀ ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ሄንሪ ላርቲግ ከመቶ ዓመት በፊት ያነሳው የውድድር መኪና ፎቶ አለ። ጎማው ወደፊት ያጋደለ እንቁላል ነው፣ ዳር የቆሙት ሰዎች ደግሞ ወደኋላ ያዘነበሉ። የካሜራው ሻተር ምስሉን በአንዴ ሳይሆን በጠባብ ስንጥቅ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እየጠረገ ነበር የሚይዘው። እስኪጨርስ መኪናው ተንቀሳቅሷል፤ ካሜራውም አብሮ ዞሯል። የዛሬው ሴንሰር በኤሌክትሮኒክ ሻተር ሲያነሳም መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። ቀርፋፋ ከሆነ ያው እንቁላል ይወጣል። የላርቲግ ፎቶ በዚያ ስህተቱ ዝነኛ ሆነ። የኔው ደብተር ላይ ቀረ። መኪና ሲሮጥ የሜካኒካል ሻተሩን ተጠቀሙ። ዘመናዊ የኤልኢዲ መብራት ያለው መኪና ስታነሱ ደግሞ አንዱ መብራት ጠፍቶ ቢወጣ አምፖሉ ተቃጠለ አትበሉ። ዓይን በማይለየው ፍጥነት ብልጭ ድርግም ስለሚል ነው። ሻተሩን ቀርፋፋ ስታደርጉት ይመለሳል።

ያገለገለ ዕቃ ለምትፈልጉ ጊዜው ደግ ነው። ካኖንም ኒኮንም 2018 ላይ ፉል ፍሬም ሚረርለሳቸውን በአዲስ የሌንስ መግጠሚያ ይዘው ከመጡ ወዲህ ብዙ ሰው የድሮውን እየሸጠ ነው። ኢኤፍ የሚባሉት የድሮ የካኖን ሌንሶች በማገናኛ አዲሶቹ ላይ ትኩረታቸው ሳይጓደል ይሠራሉ። ኒኮን ከሆናችሁ ጠንቀቅ በሉ። ሞተር በውስጣቸው የሌላቸው የቆዩ ሌንሶች ኤፍቲዚ በሚባለው የኒኮን ማገናኛ በራሳቸው አያተኩሩም። ስትገዙ ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደተመታ ጠይቁ። ሌንሱን በባትሪ መብራት አሳልፋችሁ ሻጋታ ፈልጉ። በኤፍ 16 ሰማዩን አንሱና ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ ካለ ነጠብጣቡን እዩት። እና ሮው አንሱ፤ ካሜራው የያዘውን መረጃ ሳያቀናብር የሚያስቀምጥበት ፋይል ነው። 14 ቢት ሮው ለአንድ ቀለም 16,384 ደረጃ ሲይዝ የተለመደው የተጨመቀ ፋይል፣ ጄፔግ፣ 256 ነው። ጥቁር መኪና ጥላ ውስጥ ሲገባ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ባለፈው ደብተሩን ዘጋሁት። ሂሳብ ዘጋሁ ልበል? 61 መስመር ሞልቷል። 52ቱ የኔ፣ 9ኙ የዕቃው። ከ9ኙ አምስቱ ትኩረት፣ ሦስቱ ያ የመስታወት ነጸብራቅ ናቸው። ዘጠነኛው «ባትሪ አለቀ» ይላል። እሱን እንኳ ቆይቼ ሳስበው ወደ «የኔ» መዛወር ነበረበት። አላዛወርኩትም፤ ካሜራውም አንድ ነገር ይሸከም።

አሁን የመጨረሻውን ፎቶ ልንገራችሁ። ሌሊት ነው። ቮልሷ ባዶ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ካሜራው ትራይፖድ ላይ፣ አይኤስኦ (የሴንሰሩ ለብርሃን ንቃት) 100፣ ኤፍ 8፣ ሻተሩ 25 ሰከንድ ክፍት። አጎቴ ጥቁር ካፖርት ለብሰው ረጅም የኤልኢዲ ዘንግ ይዘዋል። ሥራቸው መብራቱን በጣሪያዋ ልክ ይዘው ከፊት እስከ ኋላ በእኩል እርምጃ መሄድ፣ ጫፍ ሲደርሱ ማጥፋት ነው። እየተራመዱ ስለሆነ እሳቸው ፎቶው ላይ አይቀሩም። የሚቀረው መብራቱ የሄደበት መስመር ነው። አራት ጊዜ ሞከርን። አንዴ ፈጠኑ፣ አንዴ ቆመው አወሩኝ፣ አንዴ መብራቱን ወደኔ አዞሩት። በአራተኛው ልክ እንደተባባልነው ሄዱ። ጫፍ ሲደርሱ ግን ማጥፋቱን ረሱና መብራቱን አቅፈው «በቃ?» እያሉ ቆሙ። ሻተሩ ገና አልተዘጋም።

ምስሉ ሲመጣ ትንፋሼን ዋጥኩ። ከኮፈኑ ጫፍ እስከ ኋላዋ አንድ ያልተቆረጠ ነጭ መስመር። እኔ የትም የለሁም። ኮምፒውተር ላይ አጉልቼ ለአጎቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ጣታቸውን የኋላ ጎማው ኒኬል ክዳን ላይ አሳረፉ። እዚያ መብራት ያቀፈ፣ የተጣመመ፣ አውራ ጣት የማያክል ሰውዬ ቆሟል።

«ይሄ ደግሞ እኔ ነኝ!» አሉ።

ላጠፋው እችላለሁ አልኳቸው፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

«ንካውና እንተያያለን» አሉኝ። አሳትሜ ሰጠኋቸው። ደብተሩ ላይ በየትኛው ወገን እንደምጽፈው ስላላወቅኩ አልጻፍኩትም።